አዲሱን ዕቃ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ሞተሩ ላይ እሰረው

የተላከልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ከአባቴ የተረከብኩት ቮልስ አለኝ። የ1970 እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው፣ 1300 ሞተር። ከተማ ውስጥ ችግር የለበትም። ለገና ከአዲስ አበባ ጅማ በእሱ መሄድ አስቤያለሁ። መንገድ ላይ ቢቆምብኝ ራሴ እንዳስነሳው የዲስትሪቢዩተርና የካንዴላ መለዋወጫ ልግዛ ብዬ ዝርዝር ባወጣ ዝርዝሩ መኪናውን ሊያክል ሆነ። የምር የሚያስፈልገኝ የትኛው ነው? ምን ምን መፍቻስ ልያዝ?»

ወንድሜ፣ አባትህ መኪናውን እዚህ ስላደረሱልህ እግዜር ይስጣቸው። እኔ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ ብዙውን ጊዜ ያሳለፍኩትም ከቮልስና ከላዳ ጋር ነው። ስለዚህ በቀጥታ ልንገርህ።

አዲስ ዕቃ ገዝተህ፣ ከነማሸጊያው ቦርሳ ውስጥ ከተህ እንዳትሄድ። አዲሱን አሁኑኑ መኪናው ላይ አስገባውና ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ ንዳበት። እስካሁን ሲሰራልህ የነበረውን አሮጌውን ደግሞ ጠርገህ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ ለመጠባበቂያ ያዘው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ይህንን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ደንበኛችን ቮልሱ ከወልቂጤ ወደ ጊቤ መውረጃው ላይ ቆመችበትና ዕቃ ይዤ ሄድኩ። ሙሉ ቦርሳ፣ ሁሉም አዲስ። ደርሼ ኮፈኑን ከፈትኩና ሳልመረምር የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ዕቃዎች፣ ፖይንቱን፣ ኮንዴንሰሩን፣ ሮተሩን፣ ክዳኑን በአንድ ጊዜ ቀየርኩ። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። አዲስ ነው ብዬ ስላመንኩ ዕቃውን አልጠረጠርኩትም። ካርቡሬተሩን ፈታሁ። የቤንዚን ፓምፑን ፈታሁ። አራት ሰዓት ሙሉ በዚያ ሙቀት ቆየሁ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ የድሮውን ኮንዴንሰር ብመልሰው ወዲያው ተነሳች። ለካ የመጀመሪያው ችግር የፖይንቱ ክፍተት መዘጋት ብቻ ነበር፣ በካቻቢቴ የሁለት ደቂቃ ሥራ። ሁለተኛውን ብልሽት ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ከማሸጊያው ሲወጣ የሞተ ኮንዴንሰር አስገብቼ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው።

አሁን ገበያ ላይ ያለው ዕቃ ደግሞ ከያኔውም የባሰ ነው። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ስለተመረተ ዕቃው አልጠፋም፣ ይገኛል። ግን አንድ ዓይነት ካርቶን ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥራት የለውም። አሮጌ ኮንዴንሰር 30 ዓመት ሰርቶ አዲሱ በ30 ኪሎ ሜትር ሲሞት አይቻለሁ። ከተማ ውስጥ ቢሞትብህ ታክሲ ይዘህ ቤትህ ትገባለህ። ሰኮሩ አጠገብ ማታ ቢሞትብህ ሌላ ነገር ነው።

ወደ ዕቃዎቹ ልግባ። ከሁሉ በላይ ማወቅ ያለብህ ፖይንቱን ነው፣ ኮንታክት ፖይንት የሚባለውን። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ ለኮይሉ (የባትሪውን 12 ቮልት እሳት ወደሚፈጥር ከፍተኛ ቮልት ለሚቀይረው) ከረንት የሚሰጥና የሚቆርጥ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ማለት ነው። ሲከፈት ነው ካንዴላው ላይ እሳት የሚፈጠረው። የቮልስ ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ፖይንቱ ላይ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ መሀል ላይ የሚዞረውን ዘንግ እየነካች ትሄዳለች፣ ትንሽ ግራሶ ካላገኘች ቶሎ ትበላለች፣ እሷ ስትበላ ክፍተቱ ይጠባል። ክፍተቱ ሲጠብ እሳቱ ይዘገያል። ስለዚህ መኪናህ ድንገት አይቆምም፣ መጀመሪያ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ከዚያ ይሞቃል፣ ከዚያ አንድ ቀን ጭራሽ አይከፈትም፣ ያኔ ትቆማለህ። አዲስ ፖይንት ስታስገባ የክብሪት ጭንቅላት የምታክል ግራሶ ዘንጉ ላይ አድርግ። አታብዛው፣ ከተረፈ ወደ ፖይንቱ ይረጫል። ሌላም ነገር አለ። አዲስ ፖይንት ፊቱ ላይ እንዳይዝግ የተቀባ ስስ ዘይት ይኖረዋል፣ ሳይጠረግ ከገባ ከረንት አያሳልፍም። ንጹህ ነጭ ወረቀት መሀል አስገብተህ ሁለት ሦስቴ ሳበው።

በጣም ትንሿ ግን በጣም አናዳጇ ነገር ፖይንቱን የምታስረው ብሎን ናት። የሩዝ ፍሬ ነው የምታክለው። ጨለማ ላይ ከካቻቢቴህ ጫፍ ከወደቀች ወይ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ትገባለች ወይ ሞተሩ ዙሪያ ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ትጠፋለች። ጫፉ ማግኔት ያለው አጭር ካቻቢቴ ግዛ። ከሌለህ ጫፉ ላይ ግራሶ ቀባ። ሥራ ከመጀመርህ በፊት ከስሩ ጨርቅ አንጥፍ። አንድ ትርፍ ብሎንም ፌስታል ውስጥ አድርገህ ያዝ። ከያዝከው ዕቃ ሁሉ በክብደት ትንሹ እሱ ነው፣ በቁም ነገር ግን አይናቅም።

ኮንዴንሰሩ ቮልስ ላይ ከዲስትሪቢዩተሩ ውጭ በአንድ ብሎን የታሰረችው ትንሿ ሲሊንደር ናት። ሲሞት ፖይንቱ ላይ ትልቅ ብልጭታ ታያለህ፣ ካንዴላው ላይ ያለው እሳት ደግሞ ይደክማል፣ ሞተሩ ያስነጥሳል። የምታውቀውን የሰራ ኮንዴንሰር ሁለት ያዝ፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። የግድ ከሆነ የላዳ ወይም የአሮጌ ፊያት ኮንዴንሰርም እስከ ቀጣዩ ከተማ ያደርስሃል፣ ሽቦውን ማገናኘትና አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር ማስነካት ብቻ ነው።

ሮተር (ክዳኑ ስር እየዞረ እሳቱን ለየካንዴላው ገመድ የሚያደርሰው) እና የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ይበቃል። የክዳኑን ውስጥ በብርሃን እየው፣ እንደ እርሳስ መስመር ቀጭን ጥቁር ስንጥቅ ካለ ለመጠባበቂያ አይሆንም፣ ጣለው። መሀሉ ላይ ያለችው ትንሽ ካርበን በስፕሪንግ ገባ ወጣ ማለት አለባት። ሮተር ደግሞ ደህና መስሎ ሊያታልል ይችላል፣ ላዩ ያበራል፣ ከረንቱ ግን በውስጡ ወደ ዘንጉ ይሾልካል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ክዳኑን አንሳ፣ ከኮይል የሚመጣውን ወፍራም ገመድ ጫፍ በደረቅ ፕላስቲክ እጀታ ባለው ፒንሳ ይዘህ ከሮተሩ አናት ብረት ጥቂት ሚሊ ሜትር አርቀው፣ ሰው ሞተሪኖውን ያዙርልህ። እሳት ወደ ሮተሩ እየዘለለ ከገባ ሮተሩ ያፈስሳል ማለት ነው። ደህና ከሆነ አይዘልም።

ስለ ሮተር ካነሳን አይቀር፣ የድሮ ሰዎች ማታ መኪና ሲያቆሙ ሮተሩን ነቅለው ኪሳቸው ከተው ይገቡ ነበር፣ ሌባ እንዳያስነሳው። ዘዴው አሁንም ይሰራል። ጠዋት ሌላ ሱሪ ለብሰህ ከወጣህ ግን አንተም አታስነሳውም።

ኮይል አንድ ያዝ፣ የሰራ ይሁን፣ 12 ቮልት መሆኑን አረጋግጥ። ከ1967 እ.ኤ.አ. በፊት የነበሩት ቮልሶች አብዛኞቹ 6 ቮልት ስለነበሩ ገበያ ላይ ተቀላቅሎ ይሸጣል። መለኪያ ያለው ሰው ካገኘህ በሁለቱ ትንንሽ መያዣዎች መሀል 3 ኦም አካባቢ ማንበብ አለበት። 15 የሚለው ከቁልፉ የሚመጣው ነው፣ 1 የሚለው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ይሄዳል፤ አሁኑኑ በፕላስተር ምልክት አድርግባቸው። ኮይል በተፈጥሮው ረጅም ዕድሜ አለው፣ የሚገድሉት ሰዎች ናቸው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉን ከፍተህ ሬዲዮ እየሰማህ ከተቀመጥክና ፖይንቱ ተዘግቶ ከቆመ ከረንቱ ያለማቋረጥ በኮይሉ ያልፋል፣ በሩብ ሰዓት እንደ ምጣድ ይግላል።

የካንዴላ ገመድ አራቱንም አትያዝ። ከአራቱ ረጅሙን አንድ ብቻ ያዝ፣ ለሁሉም ይደርሳል። ካንዴላ ሁለት ይበቃል፣ ክፍተቱ 0.6 ወይም 0.7 ተደርጎ። አዲስ አበባ ላይ ካንዴላው በጥቀርሻ ጠቁሮ ብታገኘው አትደንግጥ። ከ2,000 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ወደ ቆላ ስትወርድ ይጸዳል።

መፍቻዎቹን ባጭሩ ልበልህ። 21 ቁጥር የካንዴላ መፍቻ ከነማራዘሚያው፣ ለዲናሞው ዳዶ 21 ቁጥር ቁልፍ፣ 10 እና 13 ቁልፍ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ትልቅና ትንሽ፣ ፒንሳ፣ የኤሌክትሪክ ፕላስተር፣ ሁለት ሜትር ሽቦ ጫፉ ተልጦ፣ ትንሽ ሞረድ ወይም ጥሩ ብርጭቆ ወረቀት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት። ፊለር ጌጅ የምንላቸው ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ካሉህ ጥሩ ነው። ከሌሉህ ከመሄድህ በፊት ጋራዥ ሄደህ 0.4 የሚሆን ካርድ ወይም ፕላስቲክ በመለኪያ አስመርጥና ቁራጩን ያዝ። ለካንዴላ ደግሞ የተሰበረ የሴጌቶ ምላጭ ይጠቅማል፣ የተለመደው ምላጭ ውፍረቱ 0.65 አካባቢ ስለሆነ ልክ ይመጣል።

ከሁሉ የምወደው መሳሪያ ግን ባለ 12 ቮልት ትንሽ አምፖል ሁለት ሽቦ የተበየደበት ነው። አንዱን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነካው፣ ቁልፉን ክፈት፣ ሌላውን ጫፍ ኮይሉ ላይ 15 ጋ አስነካ። ካልበራ ችግሩ ከቁልፉ ወይም ከሽቦው ነው፣ ዲስትሪቢዩተሩን አትንካ። ያኔ ያቺ ሁለት ሜትር ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ ወደ 15 ትወስድልሃለች፣ ሞተሩን ማጥፋት ስትፈልግ መንቀል ብቻ ነው። 15 ላይ ከበራ አምፖሉን ወደ 1 አዛውር፣ ሞተሪኖውን አዙር። ብልጭ ድርግም ካለ ፖይንቱ ይሰራል። ጭራሽ ካልበራ ፖይንቱ አልተከፈተም ወይም ሽቦው የሆነ ቦታ ብረት ነክቷል። ሳያቋርጥ ከበራ ደግሞ ፖይንቱ አልተዘጋም ወይም ፊቱ ቆሽሿል። ይህቺ አምፖል ያኔ ብትኖረኝ አራት ሰዓት በከንቱ አልለፋም ነበር።

አሁን መኪናው ቆመብህ እንበል። መጀመሪያ ከመንገዱ ውጣ፣ ጎማ ስር ድንጋይ አድርግ፣ ከኋላ ራቅ አድርገህ ሦስት ማዕዘኑን ወይም ቅጠሉን አስቀምጥ። (ስትሄድ ድንጋዩን አንሳ እባክህ፣ ማታ ለሚመጣው ሰው ሞት ነው።) ከዚያ እንዴት እንደቆመ አስታውስ። እንደ መብራት ድንገት ድርግም ካለ ብዙ ጊዜ ከረንት ነው። እያነቀው፣ እየጎተተ፣ እየተነሳ እየወደቀ ከሞተ ቤንዚን ነው። ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን ከየት እንደምትጀምር ይነግርሃል።

ጊቤ ላይ በተለይ ተጠንቀቅ። ድልድዩ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ከዚያ ወደ አባልቲ የሚወጣው ዳገት ረጅም ነው። ሞተሩ ዳገቱ ላይ ቢሞትና ትንሽ ሲቀዘቅዝ ቢነሳ፣ ሁለት ተጠርጣሪ አለ፣ የሞቀ ኮይል ወይም ፓምፑ ውስጥ የተነነ ቤንዚን። ሁለቱም ሲቀዘቅዙ ስለሚሰሩ ሰው ያምታታቸዋል። የምትለያቸው ገና በሙቀቱ ሳለ ነው። የኮይሉን ወፍራም ገመድ ከክዳኑ ነቅለህ ከሞተሩ ብረት ግማሽ ሳንቲ ሜትር አርቀህ አዙር። ጠንካራ ሰማያዊ እሳት ጧ እያለ ከዘለለ ኮይሉ ደህና ነው፣ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርግና ውሃህን ጠጣ። እሳት ከሌለና አምፖሉ 1 ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ መጠባበቂያ ኮይሉን አስገባ። ይህን ከመሞከርህ በፊት ግን ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ቱቦ እንደሌለ አሽትተህም አይተህም አረጋግጥ፣ ካርቡሬተሩ ቅርብ ነው። የ50 ዓመት መኪና ላይ የቆየ የቤንዚን ቱቦ ካለህ ደግሞ ፖይንት ከመግዛትህ በፊት እሱን ቀይር።

መንገድ ላይ ስትሰራ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ካልሰራ የድሮውን መልስ። ዲስትሪቢዩተሩን የያዘውን ዳዶ አትፍታ። ፖይንት ለመቀየር መፍታት አያስፈልግም፣ ከፈታኸው ግን ታይሚንጉ (እሳቱ የሚፈጠርበት ትክክለኛ ቅጽበት) ይጠፋና ጉዞው እዚያው ያበቃል። አራቱን ገመዶች በአንድ ጊዜ አትንቀል፣ ከነቀልክ ቅደም ተከተሉ በሮተሩ መዞሪያ 1-4-3-2 ነው። የላዳ ልማድ ያለው ሰው አግዛለሁ ብሎ መጥቶ በ1-3-4-2 ቢያስርልህ ሞተርህ በካርቡሬተሩ ያስነጥሳል።

ብዙ ሰው ፖይንቱን አውጥቶ በምትኩ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሞጁል ያስገባል፣ አንተም ምናልባት ሰምተሃል። ጥሩ ነገር ነው፣ ማስተካከያ አይፈልግም። ግን ሲሞት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሞተው፣ በሞረድም አይነሳም። ካስገባህ የድሮው ፖይንትና ኮንዴንሰር ከመኪናው እንዳይጠፉ። እኔ ለሩቅ መንገድ ፖይንት ነው የምመርጠው፣ የሚስቅብኝም ይሳቅ።

ስለ ካንዴላ ነው የጠየቅከኝ፣ ግን ቺንጋ ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል። ቮልስ ራዲያተር የለውም፣ የሚያቀዘቅዘው ቺንጋው የሚያዞረው ማራገቢያ ነው። ቀዩ የዲናሞ መብራት እየሄድክ ከበራ «ቻርጅ ነው፣ ጅማ አሠራዋለሁ» ብለህ አትቀጥል። ወዲያው ቁም። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ጥቂት ኪሎ ሜትር መንዳት ሞተሩን ያቃጥለዋል። አንድ ቺንጋ ያዝ፣ ቤትህ እያለህም አንዴ ፈትተህ ቀይረህ ተለማመድ። ዕቃውን ሁሉ ደግሞ ፊት ለፊት ስኮርት ጎማው ጋ አስቀምጥ። ከኋላ ወንበሩ ስር አታድርግ፣ ባትሪው እዚያ ነው ያለው። መፍቻ ፖዘቲቩ ላይ ቢወድቅ፣ ወይም ሽፋኑ ጠፍቶ ከባድ ሰው ተቀምጦ የወንበሩ ስፕሪንግ ቢነካው፣ እሳት ይነሳል።

እና እባክህ፣ በጉዞው ዋዜማ ላቫጆ ወስደህ ሞተሩን በግፊት ውሃ አታሳጥብ። ጠዋት አልነሳም ብሎ የሚደወልልኝ ስልክ ሁሌ ከዚያ በኋላ ነው። ታጥቦ ከሆነ ክዳኑን አንስተህ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር አይፈልግም።

ሶማሌ ተራ ስትሄድ የራስህን ዕቃ ነቅለህ ይዘህ ሂድ። «የቮልስ ፖይንት» ብትል አምስት ዓይነት ያወጡልሃል፣ ሁሉም ይመሳሰላሉ፣ አንዱ ብቻ ይገባል። ባለ ቫኪዩሙና ቫኪዩም የሌለው ዲስትሪቢዩተር ዕቃቸው ይለያያል፣ የአባትህ ቮልስ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ዲስትሪቢዩተሩ ተቀይሮ ሊሆንም ይችላል። አካሉ ጎን ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ፣ በጨርቅ ጠርገህ አንብበውና ጻፍልኝ፣ ከጎኑ ክብ የቫኪዩም ጣሳ መኖር አለመኖሩንም ጨምር። የትኛው እንደሚገባልህ ያኔ እነግርሃለሁ።